ግማሽ ጥማድ

የዚያን ዕለት ጠዋት ከደጃችን፣ ከግራሩ ሥር የነበርነው እኒህ ነን። አባቴ፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ቆሞ። እናቴ፤ ከበሩ መቃን ተደግፋ። ታናሽ እኅቴ፤ ከእናቴ ክንድ ላይ፣ አራት ዓመት የሞላት ግን የሁለት ዓመት ልጅ የምታክል። የአባቴ ቀንጃ፤ የበሬ ገመድ በእጁ። የቀንጃው ሚስት፤ ከባሏ ዘግይታ የደረሰች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ በአንቀልባ ያዘለች። ከሮቢት የመጣው የከብት ደላላ፤ ዱላውን ከማጅራቱ ኋላ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት። ጎረቤታችን ሸሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። ከዚያ እኔ። ከሰው ሌላ ማሽላ የጫነች አንዲት አህያና ሁለት በሬዎች ነበሩ። አንዱ በሬ ቆሟል፤ አንዱ ሞቷል።

ስም አልጽፍም። ከቆጠርኳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ያሉትን ደግሞ አላስፈቀድኩም። ማን የት እንደቆመ ግን ልብ ብዬ ነበር። የማስታውሰውን ሳልጨምር እጽፋለሁ፤ የማላስታውሰውንም አላስታውስም እላለሁ።

በራያ ቆላ አንድ በሬ ማለት ግማሽ ነገር ነው። ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ሁለት በሬ የሌለው ሰው እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የኔ። ይህ መቀናጆ ነው። አብሮት የሚያርሰውንም ሰው «ቀንጃዬ» ይለዋል። የአባቴ በሬ ዳልቻ ነበር፣ የቀንጃው ቡሬ፤ ስማቸው የወጣው ከመልካቸው ነው። ዳልቻ በቀኝ፣ ቡሬ በግራ ይጠመዱ ነበር። ቦታቸውን ብታለዋውጣቸው ንቅንቅ አይሉም።

እኛ እስላሞች ነን፣ እነሱ ክርስቲያኖች። መቀናጆው ከኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ በሬዎች አርጅተው ሲለወጡ ሰዎቹ አልተለወጡም። በሠርግም በለቅሶም አንድ ቤት ነን። የማንካፈለው ነገር ሥጋ ብቻ ነው፤ እነሱ የኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የነሱን አንበላም። ስለዚህ ድግስ ሲኖር በጉ ከነነፍሱ ይሰጣል፤ እንግዳውም በራሱ ሰው እጅ አሳርዶ በራሱ ድስት ያበስላል። ይህ ቅሬታ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ድስት መጣድ የለመደ አገር ነው።

መቀናጆ ያልተጻፈ ሕግ አለው፦ ቀንጃህን ሳትጠይቅ በሬህን አትሸጥም። በሬው ያንተ ነው፤ እርሻው ግን የሁለታችሁ ነው።

እኔ ቆቦ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ ያቋረጥኩ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያገኘሁትን ወረቀት በማንበብ ነው የተማርኩት። ካገኘኋቸው መካከል አንድ መምህር ከቆቦ ሲዛወር ትቶልኝ የሄደው፣ በስቴንስል የተባዛ የእንግሊዝኛ ጥራዝ ነበር፤ ለሶሲዮሎጂ ተማሪዎች የተዘጋጀ የኢኮኖሚክስ መግቢያ። ሶሲዮሎጂ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። መዝገበ ቃላቴ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቀደው ስለጠፉ በነዚያ ፊደሎች የሚጀምሩትን ቃላት በግምት አልፋቸው ነበር። መግቢያው ላይ አዘጋጁ ለተማሪዎቹ፣ እናንተ ሰው ከሰው የተሳሰረበትን ገመድ ታጠናላችሁ፣ እኛ በገመዱ ላይ የሚተላለፈውን ዕቃ እናጠናለን የሚል ሐሳብ ያቀርብላቸዋል። ወደድኩት። ገመድና ዕቃ እኛም አገር አለ ብዬ አነበብኩት።

ጥራዙ ብቻቸውን ዋጋ የሌላቸው ነገሮች እንዳሉ ይናገራል። ምሳሌው ጫማ ነው። የግራው ከጠፋ የቀኙን ማንም አይገዛህም። ይህን ሳነብ ዝናቡ ገና አልቀረም ነበርና ዳልቻና ቡሬን አስቤ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ የስልሳ አራቱ ክረምት መጣ፤ መጣ ከተባለ። የኛ ሜዳ የሚጠጣው ከራሱ ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሳ እናስገባለን። በዚያ ክረምት ጎርፉ አልወረደም። የጎሊና ወንዝ አሸዋውን አስጥቶ ተኛ። ማሽላው ከጉልበት ከፍ ብሎ ቆመ፣ ሳያፈራም ደረቀ። አገዳውን መጀመሪያ ለከብት ሰጠን፣ ኋላ እኛም አኘክነው።

የቀረው የበልግ ተስፋ ነበር። በልግ ከጣለ በሬ ያለው ያርሳል፣ ማሽላ ይዘራል፣ ከቤቱ አይወጣም። በሬ የሌለው መንገድ ይወጣል። መንገድ ስል አውራ ጎዳናውን ነው። ያኔ ሰው ከነልጆቹ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ በሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ይዘረጋ ነበር። አባቴ ሞትን የፈራ አይመስለኝም፤ የፈራው ያንን ጠርዝ ነው። ቤታችን ክፍት መቆየቱና መዘጋቱ በሁለት በሬዎች አንገት ላይ ነበር፤ ይህን ሁላችንም፣ ትንሿ እኅቴም ሳትቀር፣ እናውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዳልቻ ቆመ?» ብላ ነው።

በየገበያ ቀኑ አባቴ ወደ ቆቦ ይልከኝ ጀመር። «የበሬ ዋጋ ጠይቀህ ና፤ ሻጭ እንዳትመስል» ይለኛል። እንደ ገዢ ሆኜ እጠይቅ ነበር። እንደኔ ያለ ከሲታ ገዢ ስላልነበረ ነጋዴዎቹ ይስቁብኝ ነበር፤ አንዱማ «በሬውን ልትገዛው ነው ወይስ አብረኸው ልትጠመድ?» አለኝ። ያኔ ሰው በሬን በብር መገመት ትቶ በማሽላ መገመት ጀምሮ ነበር። ኅዳር ላይ እንደ ዳልቻ ያለ በሬ አንድን ቤት እስከ በልግ የሚያሻግር ማሽላ ያመጣ ነበር። ጥር ላይ የዚያን ግማሽ። ከዚያ የአፋር ሰዎችም ሣራቸው አልቆ ከብታቸውን ከበረሃው እየነዱ ወጡ። ሁሉም ሻጭ ሆነ። ሁሉም ሻጭ የሆነበት ገበያ ድምፁ የተለየ ነው፤ ማንም አይከራከርም።

ያልገባኝ የማሽላው ነገር ነበር። እንደ ረኃቡ ከሆነ ዋጋው ሰማይ መድረስ፣ ከሌላ አገርም እህል ወደኛ መጉረፍ ነበረበት፤ ጥራዙ እህል ወደ ተወደደበት ይሄዳል ይላላ። ቆቦ ላይ ግን ማሽላና ጤፍ በጆንያ በጆንያ ሲጫን አየሁ። የመኪናው ፊት ወደ ደሴ ነበር። ረኃቡ እዚህ፣ እህሉ ወደዚያ። ከጫኞቹ አንዱን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ እህሉን ጠይቀው» አለኝ፣ ጆንያውን ከጀርባው ሳያወርድ።

ቤት ገብቼ ጥራዙን ገለጥኩ። ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ አንደኛው መፈለግ ነው፣ ሁለተኛው ዋጋውን ይዞ መፈለግ። ገበያ የሚሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው ይላል። አንቀጹ ክፋት የለበትም፤ የሚዛንን አሠራር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተጻፈው። በሬው ዋጋ ያጣ ገበሬ ማሽላ ቢረክስም አይገዛም፤ ስለዚህ ለነጋዴው እኛ የለንም። ከዚያ ወዲህ አውራ ጎዳናውን ሳልፍ ጠርዙ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፃቸው የሚሰማ አይመስለኝም ነበር።

ማን መቼ እንደሸጠም ልብ ብያለሁ። ቀድመው የሸጡት ሙሉ ጥማድ በሬ ያላቸው ናቸው። ማንንም ማስፈቀድ የለባቸውም፤ አንዱን ወይም ሁለቱንም ነድተው ሄዱ፣ እህል ጭነው ተመለሱ። በሬ ያልነበራቸው ቀድሞውንም መንገድ ወጥተዋል። የቀረነው ባለ አንድ በሬዎቹ ነን። በሬዎቻችንን የያዛቸው ገመድ በረት ውስጥ የታሰረው አልነበረም።

አንድ ቀን ደፍሬ ለአባቴ የጫማውን ነገር ነገርኩት። ሁለቱ በሬዎች ዛሬ አብረው ቢሸጡ ለሁለቱም ቤት እህል አለ፤ አንዱ ቀድሞ ከሞተ ግን የቀረውም ጥማድ መሆኑ ያበቃል አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ጫማው የማን ነው?» አለኝ።

«የአንድ ሰው።»

«እንግዲያውስ» አለና የዳልቻን ጀርባ ማሸት ቀጠለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። የጥራዙ ግራ ጫማ ቀኙን አያፍረውም።

አባቴ መሸጥ አልፈለገም ማለት አይደለም። ጥር ላይ ቆርጦ ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ ብሎ ወደ ቀንጃው ቤት ይወጣል። በኛ ወግ ግን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይጠየቅም። በሬዬን ልሽጥ ማለት ማሳህ ጦሙን ይደር ማለት ነው። ደግሞም ከተጠየቀ እንቢ አይባልም፤ እንቢ ከማይል ሰው ፈቃድ መጠየቅ መንጠቅ ነው። ስለዚህ አባቴ ተቀምጦ ስለ ሰማዩ ያወራል፤ ቀንጃው ራሱ «እንሽጥ» እስኪል ይጠብቃል፤ ቀንጃው ስለ ሰማዩ ይመልሳል፤ አባቴ ይመለሳል። በሌላ ቀን ደግሞ ቀንጃው ወደኛ ይመጣል። እዚያው ተቀምጬ እሰማቸው ነበር።

«በዞብል በኩል ደመናው ጠቆር ብሏል» ይላል ቀንጃው።

«ጠቁሯል።»

«በሬዎቹም ደኅና ናቸው።»

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ናቸው።»

በሬዎቹ ደኅና አልነበሩም። የጎድን አጥንታቸውን ከመንገድ ሆነህ ትቆጥረዋለህ። ደመናውም ጠቁሮ ወደ በረሃው ነው የሚያልፈው።

አንድ ቀን ቀንጃው እንዲሁ አውርቶ ሲሄድ እናቴ ከኋላው ስታየው ቆይታ ወደ አባቴ ዞረች። «ሁለት ሽበታም እንደ ሙሽራ ይተፋፈራል» አለችው። «ዳልቻ አፍ ቢኖረው እሱው ይጨርስላችሁ ነበር።» አባቴ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሴቶቹ ግን ተነጋግረው ነበር። እናቴና የቀንጃው ሚስት ጎሊና አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ እስኪያቁር ሲጠብቁ ሁሉንም ተጨዋውተዋል። ቀንጃውም ልክ እንደ አባቴ ለመሸጥ ከቆረጠ ሰንብቷል፤ የሚመጣውም ይህንኑ ሊናገር ነው፤ ደጃችን ሲደርስ ያፍራል። እናቴ ይህን ለአባቴ ነገረችው። እኔም ሰማሁ። አሁን አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

«ከሱ አፍ አልሰማሁም» አለ አባቴ።

ይህ ግትርነት ይመስላል። ነገር ግን በነሱ ዓይን ከሰው በተሰማ ወሬ ቀንጃን «ልትሸጥ ነው አሉ» ማለት እንደ መክሰስ ነው። ስለዚህ አባቴ ካወቀ በኋላ ጭራሽ ወደዚያ ቤት መሄድ ፈራ። ቀንጃውም ሚስቱ ነግራው ኖሮ እሱም እግሩን አሳጠረ። ሁለቱም አንድ ነገር ፈልገው፣ ሁለቱም መፈለጋቸውን አውቀው፣ የካቲትን በዝምታ አሳለፉት። መቀናጆ በደጉ ዘመን አንዱ ሌላውን እንዳይጥለው የተበጀ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱን አብሮ ይዞ ወረደ።

ሁዳዴ ሲጋመስ በልጉ እንደቀረ ያልገባው ሰው አልነበረም። በሬዎቹ እስከ ቆቦ መራመድ ስላቃታቸው ደላሎቹ ገበያ መጠበቅ ትተው ማሽላ በአህያ እየጫኑ በየመንደሩ ይዞሩ ጀመር። እህል ይሰጣሉ፣ በሬ ይነዳሉ። የሚሰጡት በየሳምንቱ ያንሳል።

የዚያን ዕለት አባቴ ከሱብሒ ሶላት ተነሥቶ ወደ በረቱ ሲገባ ዳልቻን እግሩን ዘርግቶ፣ ቀዝቅዞ አገኘው። ቢላ አልደረሰለትም። ስለዚህ ሥጋው ለማናችንም አይሆንም፤ ለእስላምም ለክርስቲያንም። በዚያ ዓመት የሞተ የበሉ ሰዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። አባቴ ሸሁን አስጠራቸው። መጥተው አዩት፣ ለሰው እንደሚባለው «ኢና ሊላሂ» አሉና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ቆዳውን እንኳ ለመግፈፍ እኔና አባቴ እየጎተትን ከግራሩ ሥር አወጣነው። ከብዶን አልነበረም። እኅቴ ከእናቴ ክንድ ላይ ሆና ታያለች፤ በዚያን ቀን ጥያቄዋን አልጠየቀችም።

አባቴ ቢላውን ከሰገባው አውጥቶ እንደቆመ ቀንጃው በመንገዱ መጣ። ቤቱ ከኛ በስተደቡብ ነው፤ ወደ ሮቢትም ወደ ቆቦም የሚያወጣው መንገድ በደጃችን ያልፋል። ቡሬን በገመድ ይስባል። ከጎኑ ደላላው፣ ከኋላቸው አህያዋ። ቀንጃው ዳልቻን ሲያይ ቆመ። ገመዱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረው፣ ከግራ ወደ ቀኝ መለሰው። ከዚያ ገመዱን ለአባቴ ዘረጋለት።

«እንካ፣ ቡሬን ይዤልህ መጣሁ» አለው። «አንተ እረደው። እኛ ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ ምናችን ነው።»

ሚስቱ ይኼኔ ከኋላ ደርሳ ነበር። «ጾም መፍቻ ላለው ሰው ነው» አለች። ለባሏ አይደለም፤ መሬቱን እያየች ነው።

ሁላችንም ነገሩን እናውቀው ነበርና ማንም አላብራራም። ቡሬ የቱንም ያህል ቢከሳ ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ቢሆን አንድን ቤት ለሳምንታት ያቆያል። አባቴ ካረደው ያ ቤት የኛ ነው፤ የቀንጃው ሚስትና የምታጠባው ልጅ ሽታውን ብቻ ያገኛሉ። ቀንጃው ካረደው እነሱ ይበላሉ፣ እኛ ሽታውን እናገኛለን። ሸሁ ቀስ ብለው፣ ነፍስ ለማትረፍ ሲሆን የተከለከለውም ይፈቀዳል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሃይማኖቱ ይህን ይላል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ቀንጃውም ሰማ። ግን አንዱ የሌላውን ልጅ ሃይማኖት በረኃብ አስፈትቶ ነገ አብሮ ሊጠመድ የሚችል አይመስለኝም። ገመዱን አባቴ አልተቀበለም። ቢላውን በእጀታው በኩል ወደ ቀንጃው ዘረጋ። ቀንጃውም አልተቀበለም። ገመድና ቢላ በመካከላቸው እንደተዘረጋ ቆዩ።

ደላላው ይህን ሁሉ ያይ ነበር። አህያዋ በግራና በቀኝ ሁለት ግማሽ ጆንያ ተሰቅሎባት ነበር። እንደደረሰ ቡሬን ዞሮ አይቶ፣ በዱላው ሁለቱንም ጆንያ ነካ አድርጎ ነበር፤ ይህን እሰጣለሁ ማለቱ ነው። አሁን ግን ወደ አህያዋ ሄደና አንዱን ብቻ ነካ።

«ቅድም ሁለት አላልክም?» አለችው እናቴ።

«እቴቴ፣ ቅድም የምታርዱት መስሎኝ ነበር» አለ። ቁጣም ሳቅም አልነበረበትም። «አሁን እንደማታርዱት አየሁ። ወልድያ ከደረሰ ሥጋ ነው፣ ካልደረሰ ቆዳ ነው። በቆዳ ሒሳብ ነው የምገዛችሁ።»

«አላህን አትፈራም?» አሉት ሸሁ።

«እፈራለሁ፣ አባባ ሸህ። ልጆቼ ግን እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ስለዚህ ሰው ብዙ አስቤያለሁ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም። አማራጭ እንዳጣን ዐይቶ ዋጋውን ቀነሰ፤ ጥራዙ ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። አማራጫችንን የነጠቀን ግን እሱ አልነበረም፤ ድርቁም ብቻውን አልነበረም። ሁለት ቤት ለመኖር ብሎ ያበጀው ወግ ነው።

አባቴ ቢላውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። ወደ ሰገባው መለሰው። ቀንጃውን እያየ፣ «ማሽላ ይሁን» አለ። «ማሽላ በቢስሚላህም ይበላል፣ በስመ አብም ይበላል።»

ቀንጃው ገመዱን ለደላላው ሰጠ።

ኢኮኖሚክስ የሚጀምር ሰው ይህን ምሳሌ ቢሰጡት ስህተቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ብዙ ቀን የሚያቆይ ሥጋ ጥቂት ቀን በሚያቆይ እህል ተለወጠ። ሁለት ቤት ጥቂት ጥቂት በልቶ ከሚራብ አንዱ ቤት ቢድን ይሻላል ብሎ ሊያሰላም ይችላል። እኔም አስልቼዋለሁ፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን የትኛው ቤት የሚለውን የሚያሰላበት መንገድ ጥራዙ ውስጥ አላገኘሁም፤ ከግራሩ ሥር የቆመም ሰው ሊያሰላው አልፈለገም።

ሸሁ ቁና አስመጡ። አንዱን ለኛ፣ አንዱን ለነሱ፣ አፉን በክንዳቸው እየጠረጉ ሰፈሩ። የሚሰማው የማሽላው ድምፅ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቁና አልሞላም። ሸሁ ቁናውን እንደያዙ ወደ እኅቴ አዩ፣ ከዚያ በአንቀልባ ወዳለው ልጅ አዩ። ለማን እንደገለበጡት አላስታውስም። ዳግመኛ ቀና ስል ቁናው ባዶ ነበር።

ደላላው ቡሬን ይዞ ሄደ። ይህንን ግን በደንብ አስታውሳለሁ፤ መንገዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ቡሬ በግራ ጠርዙ በኩል ብቻ ይራመድ ነበር፣ በቀኙ ለዳልቻ ቦታ ትቶ። ደላላው ወደ መካከል ሲስበው ጥቂት ይሄድና ወደ ግራው ይመለሳል።

ማሽላው ፋሲካን አላለፈም። ሁለቱም ቤት በአንድ ጠዋት ተዘጋ። ሮቢት አጠገብ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቀን ተቀመጥን፤ አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ማሳው አዙሮ ነበር የሚቀመጠው፤ እጁን ሲዘረጋ አላየሁትም፣ የዘረጋችው እናቴ ናት። ከዚያ ቆቦ ወደተከፈተው የተራቡ ሰዎች መጠለያ ገባን። እኅቴ እዚያ ሞተች። ቀንጃው ከሷ በኋላ፣ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት። አባቴና እኔ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨምረን ቀበርነው፤ አባቴን እስላም ነህና ዞር በል ያለው አልነበረም።

ዝናቡ ሲመለስ ሜዳው አረንጓዴ ሆነ፣ በሬ ግን አልነበረም። ያኔ የበሬ ዋጋ ጥራዙ እንደሚለው ወደ ላይ ተወረወረ። በርካሽ ሰብስበው ሣር ወዳለበት ያሻገሩት ሰዎች በሬዎቻቸውን ይዘው መጡና የኛን መሬት በእኩል፣ የምርቱን ግማሽ ሊወስዱ፣ አረሱት። አባቴ ዳር ዳሩን በዶማ ይቆፍር ነበር። ከዚያ ብዙ አልኖረም።

እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ጠዋት የሚናገረው አንድ ነገር ነበር። «ቀንጃዬ ቡሬን ይዞልኝ መጣ» ይላል። ሰው ስለ ረኃቡ ሲያወራ ሁሉ ይህን ይጨምራል፤ በሕይወቱ ያገኘው ትልቁ ስጦታ እሱ ነበር።

እኔ ደግሞ ዝርዝር የማይለቀኝ ሰው ነኝ። ዳልቻ የሞተው በዚያው ንጋት ነው። ከኛ ቤት ማንም ወደ ቀንጃው ቤት ሄዶ አልነገረም፤ ከሸሁ በቀር የሰማ አልነበረም። እንግዲህ ቀንጃው ቡሬን ይዞ ከቤቱ ሲነሣ ዳልቻ መሞቱን ሊያውቅ አይችልም። ታዲያ ደላላ አስከትሎ ወዴት እየሄደ ነበር? በመጨረሻ አፉን ሊከፍትና አብረን እንሽጥ ሊለን ይሆናል። ወይም ዝምታው መርሮት ብቻውን ሊሸጥ ወደ ሮቢት እየነዳው፣ መንገዱ በደጃችን ስላለፈ ዳልቻን አይቶ፣ እዚያው ቆሞ ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል። ወይም ደላላው እንዲያው መንገድ ላይ የተገናኘው ሰው ነው። አባቴ አልጠየቀውም። ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ስለ ሰማዩ ይመልስለት ነበር።

ለመውቀስ አይደለም። ብቻውን ሊሸጥ ወጥቶ ከነበረና ዳልቻን ሲያይ ገመዱን ከዘረጋ፣ ያ በኔ ዘንድ ከመጀመሪያውም ይዞ ከመምጣት ይበልጣል። ግን የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ የአባቴን ቃል እንደ እውነት ልጽፈው አልችልም። እናቴን ጠየቅኳት። «ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል?» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ስለዚህ የቀሩትን እጠይቃለሁ። የቀንጃው ሚስት ከልጇ ጋር ጎብዬ ወዳሉት ዘመዶቿ እንደገባች ሰምቻለሁ፤ ልጁም በሕይወት አለ ይላሉ። እቴቴ፣ ያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ ምን ብሎሽ ወጣ? ከኋላው የተከተልሽውስ ልታስቆሚው ነበር ወይስ ልትረጂው? ደላላው ሆይ፣ ካለህ፣ ከሱ ጋር የተገናኛችሁት የት ላይ ነው? ቡሬስ ወልድያ ደረሰ? ሸሁ፣ የመጨረሻውን ቁና ለማን እንደገለበጡት ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

እኔ የጻፍኩት ከቆምኩበት፣ ከዳልቻ ራስ በኩል የታየኝን ያህል ነው። ከሌላው በኩል ቆሞ የነበረ ይጨምርበት።